ስንኙን አቆይተን እናድምጥ፦ ስምንት የሙዚቃ ሥራዎችና የተጠቆሙበት ምክንያት

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ ነው። በአዳራሹ የተደመጡት የሙዚቃ ቅንጫቢዎች እዚህ አልተካተቱም።)



ከመርሐ ግብሩ አስተባባሪዎች የቀረበልኝ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ከተለያዩ የሙዚቃ ዓይነቶች የሚወዷቸውን ሥራዎች መርጠው ለተማሪዎች ይጠቁሙ የሚል ነው። ቀላል የሚሆነው ግን «እወደዋለሁ» ማለት ብቻውን በቂ ከሆነ ነው። አንድ ሰው «ይህን ዘፈን እወደዋለሁ» ቢለኝ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ዘፈኑ ምንም አልነገረኝም። «እዚህ ቦታ ላይ ክራሩ የሚያደርገውን ስማ» ቢለኝ ግን ሄጄ ላረጋግጠው፣ ልስማማበት ወይም ልከራከርበት የምችል ነገር ሰጥቶኛል። ምርጫ የግል ነው፤ ጥቆማ ግን ለሌላው ጆሮ የሚሰጥ ምሪት ነው፤ ስለዚህም ምክንያቱ ከዘፈኑ ውስጥ መገኘት አለበት።

ሙያዬ ሥነ ጽሑፍ ነው። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ስለ ዘፈን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስንኝ እንጠቅሳለን። ልማዱ የመምህራን ብቻ አይደለም። ቅኔ የሚዘረፍበት፣ ሰምና ወርቅ የሚፈተሽበት፣ ሙሾውና ቀረርቶው ሁሉ በግጥሙ የሚመዘንበት ባህል ልጆች ነን። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ በማሲንቆው ሲመልሰው፣ ሳቁም ጭብጨባውም የሚነሣው ቃሉ ዒላማውን ሲመታ ነው። ይህን ሀብት ለማቃለል አልመጣሁም። ሆኖም ልማዱ ዋጋ አስከፍሎናል። ዘፈን ማለት በዜማ የተነበበ ግጥም ነው ብለን ስለያዝን፣ የዜማውን ደራሲ፣ አቀናባሪውንና ተጫዋቹን ሳንሰማቸው እናልፋለን። ከዚህ የሚብሰውም አለ፦ ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ውስጥ ወደ ዘፈን መግቢያው በር ቃሉ ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዳችን የምንሰማው በገዛ ቋንቋችን የተዘፈነውን ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጎረቤቶች ሆነን ሳለን የአንዳችን ሙዚቃ ለሌላው ባዕድ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬ ስምንት ሥራዎችን ስጠቁም አንድም ስንኝ አልጠቅስም። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ የሚደመጥ ነገር አመለክታለሁ፤ ግጥሙን ለጊዜው አቆይተን የቀረውን እንሰማለን፤ በመጨረሻም ወደ ግጥሙ እንመለሳለን። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ ላሳስብ።

አንደኛ፦ በገና፤ የዓለሙ አጋ «አባታችን ሆይ»

የምጀምረው ሆን ብዬ ቃል እጅግ ከሚከብድበት ቦታ ነው። የበገና መዝሙር ጸሎት ነው፤ ጸሎትን ቃሉን አቆይታችሁ ስሙ ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መሣሪያውን ቀርባችሁ ተመልከቱ። አሥሩ አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ በተመታ ቁጥር ከቆዳዋ ጋር እየተነካካ ይንዘረዘራል፤ ሁላችንም የምናውቀው ያ ነዛሪ ድምፅ የሚወለደው ከዚያች ጠባብ ክፍተት ነው። ደርዳሪው የእንዚራዋን ቦታ በጥንቃቄ ያስተካክላል፤ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ንዝረቱ ይጠፋል።

ዓለሙ አጋን ስታደምጡ የሰውየውን ድምፅና የበገናውን ንዝረት ለይታችሁ ተከተሉ። በብዙ የሙዚቃ ዓይነት አጃቢው መሣሪያ ለዘማሪው ቦታ ይለቃል። እዚህ ግን ድምፃቸው ከበገናው በላይ አይወጣም፤ ዝቅ ብሎ በንዝረቱ ውስጥ ይቀመጣል። መሣሪያው ቃሉን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል፤ አድማጩም ጆሮውን አቅርቦና ዝም ብሎ ለመስማት ይገደዳል። በገና በዐቢይ ጾም ወቅት ለምን እንደሚደረደር ትውፊቱ ያስረዳል፤ ድምፁ ደግሞ ያንኑ በሰውነታችን ላይ ያስረዳናል። ጥሞናን ቃሉ ከመስበኩ በፊት አውታሩ አስተምሮታል።

ሁለተኛ፦ ክራር፤ የአስናቀች ወርቁ «ትዝታ»

«ትዝታ» በአማርኛ ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፦ ስሜቱን፣ ዘፈኑንና ቅኝቱን። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፆች የተዋቀረ ነው። ክራር ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን በሚፈልገው ቅኝት ይቃኛል። ይህ ቀላል የሚመስል እውነታ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ከቅኝቱ ውጭ ያለው ድምፅ በመሣሪያው ላይ ጭራሹኑ የለም። ከመጀመሪያው ቃል በፊት ስሜቱ ተወስኗል ማለት ነው።

አስናቀች ወርቁ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የተወኑ፣ በ2011 ያረፉ ታላቅ አርቲስት ነበሩ። ተዋናይነታቸው በዘፈናቸው ውስጥ ይሰማል፤ ግን ቃሉን በማጋነን አይደለም። የምጠቁማችሁ ጊዜውን እንድትሰሙ ነው። ክራሩ ያንኑ ሐረግ እየመላለሰ ይዞራል፤ መንገዱን አይቀይርም። ድምፃቸው ግን ከክራሩ ምት ጥቂት ዘግየት ይላል፣ አንዱ ድምፅ ላይ ይቆያል፣ ከዚያም ሳይቸኩል ይደርስበታል። አሁን የሚሄደው ጊዜ በክራሩ ውስጥ ነው፤ ያለፈው ጊዜ በድምፃቸው መዘግየት ውስጥ ነው። ትዝታ ምን እንደሆነ ለውጭ አገር ሰው ለማስረዳት ቃል ያጠረው ሁሉ ይህን መዘግየት ቢያሰማው ይሻለዋል።

ሦስተኛ፦ ኢትዮ ጃዝ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው»

ይህ ሥራ ርእሱን ከፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር ይጋራል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይህን ሳታስተውሉ አትቀሩም። ከርእሱ በኋላ ግን ቃል የለውም። በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረዋል፤ ከዚያም ይዘውት የተመለሱት ጥያቄ ከባድ ነበር። የጃዝ ሃርመኒ በአሥራ ሁለት ድምፆች ላይ ተደላድሎ ይቆማል፤ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፆች ብቻ አሉት። ሃርመኒውን እንደ ልብ ካበዙት የቅኝቱ መልክ ይሟሟል፤ ጭራሽ ካስወገዱት ደግሞ ጃዝ የሚባለው ነገር አይኖርም።

የሰጡትን መልስ ለመስማት በመጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። አጭር ሐረግ ነው፤ ይደጋገማል። ጃዝ የሚያዘወትር አድማጭ የሆረስ ሲልቨርን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ያስታውሰው ይሆናል። በሁለተኛው ማድመጥ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ዜማ ተከተሉ፤ ያ ዜማ ከዚህ አገር እንጂ ከሌላ ከየትም የመጣ አይደለም። ሃርመኒው ራሱን ቆጥቦ ለቅኝቱ ቦታ ትቶለታል። ሥራው ኒው ዮርክንና አዲስ አበባን የሚያስማማው አንዱን በሌላው ላይ በመቀባት አይደለም፤ አንደኛው መሬት፣ ሌላው በመሬቱ ላይ የሚራመድ ሰው እንዲሆን በማድረግ ነው። በ2005 የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልማቸው ውስጥ ሲያስገቡት፣ አማርኛ የማያውቁ ብዙ ሰዎች ሰምተው ወደዱት። የሚተረጎም ቃል ስላልነበረው ምንም አልጎደለባቸውም።

የዚህ ዘመን ሥራዎች ለጆሯችን የደረሱት በአንድ ሰው ድፍረት ጭምር መሆኑንም ልብ እንበል። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ዐምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ሸክላዎችን አወጣ። አሳታሚም እንደ ዘፋኙ ስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

አራተኛ፦ ፒያኖ፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ «ቤት አልባው መንገደኛ»

ርእሱን በእንግሊዝኛ ከታወቀበት ስም ተርጉሜ ነው ያቀረብኩት። እማሆይ በ1923 ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በአሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ በኋላም በካይሮ ከቫዮሊን መምህሩ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ከዚያ መነኮሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

ፒያኖ ለእኛ ዜማ የሚያስቸግር መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አንሸራቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ መሪጌታ በዜማው ላይ ድምፁን ያርገበግበዋል። የፒያኖ ቁልፍ ግን አንዴ ከተመታ በኋላ አይታጠፍም፣ አይንሸራተትም። እማሆይ ይህን እንዴት እንደተወጡት በቀኝ እጃቸው ስሙ፦ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሳቸው በፊት በቅጽበት የሚያልፉ ትናንሽ ድምፆችን ይነካሉ፤ ጆሯችን እነዚህን እንደ አንድ እርግብግቢት ይሰማቸዋል። ግራ እጃቸውን ደግሞ ስሙ፤ አውሮፓዊ ዳንስ የሚያስታውስ ልስልስ ምት ይጀምራል፣ ቀኝ እጁ ትንፋሽ ሲወስድ ግን ቆሞ ይጠብቀዋል። ምቱ በሰዓት አይመራም፤ በትንፋሽ ይመራል። በዚህ ሥራ ውስጥ የአውሮፓ ፒያኖና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተገናኝተዋል፤ አንዱም ሌላውን አላሳፈረም።

አምስተኛ፦ የባንድ ዘፈን፤ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»

በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የታተመው ይህ ሥራ የአንድ ሰው ስም ይዞ ይጠራል፤ የምንሰማው ግን ማሕሙድንና አይቤክስ ባንድን ነው። ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ይህ ቡድን እንደ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም፣ እንደ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና እንደ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፈቃደ አምደመስቀል ያሉ ባለሙያዎች የተገኙበት ነው። የምጠቁማችሁ በእነሱ በኩል ገብታችሁ ማሕሙድን እንድታገኙት ነው። ቤዙና ጊታሩ ዞሮ የሚገጥም ሐረግ ይዘው ሳይለቁ ይሄዳሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በየመሀሉ ይመልሳሉ። ማሕሙድ ድምፁን የሚያነሣውና የሚያርገበግበው በዚህ የማይናወጥ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። መሠረቱ ቢነቃነቅ የእሱ መንገብገብ ዝርክርክ ይሆን ነበር። ነፃነቱን የሰጡት እነሱ ናቸው።

ይህ ዘፈን ለዛሬው መከራከሪያዬ ምስክር የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1986 ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ የተባለ አሳታሚ ለአውሮፓ አድማጭ አወጣው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ብዙ የዚያ ዘመን ሥራዎችን ለዓለም አደረሱ። አማርኛ የማይሰማ አድማጭ ከእኛ ቀድሞ ቤዙን ሰማ፣ ሳክስፎኑን ሰማ፣ የተጫዋቾቹን ስም ጠየቀ። የሚያሳፍረን ነገር የለም፤ ግን ልንማርበት ይገባል። እኛ በቃሉ ስለረካን ያልጠየቅነውን፣ ቃሉ የተዘጋበት ሰው ለመጠየቅ ተገደደ።

ስድስተኛ፦ ካለ ዘፋኝ የቀሩ ዘፈኖች፤ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»

የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ለትርዒት ከተጓዘ በኋላ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እያደራረቡ አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዳግመኛ ወደ መድረክ ተመለሱ።

በዚህ ካሴት ውስጥ ያለው ነገር ለእኛ ሙከራ የተዘጋጀ ይመስላል፤ የምናውቃቸው ዓይነት ዜማዎች ቃላቸው ተነሥቶላቸው በአኮርዲዮን ይጫወታሉ። አኮርዲዮን በሳንባ የሚመሰል መሣሪያ ነው፤ በወናፉ ይተነፍሳል። ድራም ማሽኑ ግን አይተነፍስም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የሚተነፍሰውና የማይተነፍሰው ጎን ለጎን ሲሄዱ ስሙ። ከአገሩ የራቀ ሰው በማሽን መካከል ብቻውን ሆኖ የሚያንጎራጉረውን፣ ማንም በስንኝ ሳይነግረን እንሰማዋለን። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ተወልደው አማርኛው የሚያዳግታቸው ልጆች ላሏቸው ወላጆች የምጠቁመው ይህን ሥራ ነው። ልጆቹ በዚህ በር ሲገቡ ፈተና አይጠብቃቸውም።

ሰባተኛ፦ በማንሰማው ቋንቋ፤ የዓሊ ቢራ «አማላሌ»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ ዓሊ ቢራን ማስተዋወቅ አያስፈልጋችሁም። የምናገረው ቋንቋውን ለማትሰሙት ነው። ዓሊ ቢራ በድሬዳዋ አድጎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ጀመረ። በዚያ ዘመን በአፋን ኦሮሞ በአደባባይ መዝፈን ለአባላቱ ችግርና እስር አስከትሎባቸዋል። በኋላም አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ባንድ ሠርቷል። በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛም ዘፍኗል፤ በ2022 አረፈ።

«አማላሌን» ስታደምጡ የምሥራቁን ከተማ ስሙ። ድሬዳዋ የባቡርና የንግድ ከተማ ናት፤ የሱዳን፣ የሶማሌና የዐረብ ሙዚቃ ደርሶባታል። ዓሊ ዑድ ይጫወት ነበር፤ የዑድ ልማድ ጊታሩንም ሆነ ድምፁን ቀርጾታል። ዜማው ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄድበትን ልስላሴ ከማሕሙድ መንገብገብ ጋር አነጻጽሩት፤ ማሕሙድ ድምፁን ያነሣዋል፣ ዓሊ ያፈስሰዋል። ይህን ልዩነት ለመስማት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ቃሉ ስለማይገባኝ አልሰማውም የሚል ሰው፣ የማይሰማው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ድሬዳዋን ነው።

ይህንኑ ወደ ጋሞ ደጋማ ምድር ልውሰደው። የዶርዜ ሰዎች በኅብረት ሲዘፍኑ ሁሉም አንዱን ዜማ አይከተሉም፤ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱ ድርሻ አለው፤ ድርሻዎቹ ተደራርበው አንድ ሙዚቃ ይሆናሉ። በሰሜን የለመድነው አንድ ዜማ ይዞ መዘመር ነው፤ እዚያ ግን ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር እያለ ይስማማል። አንዱን ድምፅ ብቻ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፤ ከዚያ ሌላውን። ስለ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» በነጠላ ቁጥር የምንናገረው ብዙ ነገር ይህን ከሰማን በኋላ መታረም ይኖርበታል።

ስምንተኛ፦ ወደ ቃሉ ስንመለስ፤ የእጅጋየሁ ሽባባው «አድዋ»

እስከ አሁን ያቆየነውን ግጥም አሁን እንመልሰው። የእጅጋየሁ ሽባባው፣ ማለትም የጂጂ፣ «አድዋ» በ2001 በወጣው አልበሟ ውስጥ ይገኛል። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ሲሆን፣ በአልበሙ እንደ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ታላላቆች ተሳትፈውበታል። ይህን ዘፈን መጀመሪያ ቃሉን አቆይታችሁ ስሙት። ስለ ድል የሚዘፈን ሙዚቃ ምን ይመስላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ከበሮ፣ ፉከራ፣ ሽለላ። የምትሰሙት ግን ዝግ ያለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የቀረበ ድምፅ ነው። ድምፁ የሚያስታውሰን የድል በዓልን አይደለም፤ ከጸሎትና ከሐዘን መካከል ያለ ቦታን ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉን ስሙ። ግጥሙ ለምን ከድሉ ይልቅ ወደ ከፈሉት ሰዎች እንደሚያዘነብል አሁን ይገባችኋል፤ ምክንያቱም ድምፁ አስቀድሞ ነግሯችኋል። በግጥሙ ብቻ የገባ ሰው ሐሳቡን ያገኛል፤ በድምፁ በኩል የመጣ ሰው ግን ሐሳቡ ለምን በዚህ መልክ ብቻ ሊባል እንደቻለ ያውቃል። ቃሉን ማቆየቴ ለዚህ ነበር። የተነሣው ሊጣል አይደለም፤ ሲመለስ ምን እንደሚጨምር እንድናይ ነው።

ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ተገቢ ነው፦ «ቃሉን ሳይረዱ መውደድ ላዩን መውደድ አይደለምን? ሙዚቃችንን የባዕድ ጌጥ አድርጎ ከሚሰማው ሰው በምን እንለያለን?» ጥያቄው ከባድ ነው። ቃል ሳይገባው የሰማ ሰው የሚሳሳትበት ብዙ ቦታ አለ፤ ሙሾን ዳንስ፣ ምጸትን ውዳሴ አድርጎ ሊሰማ ይችላል። የአዝማሪ ሙዚቃ ያለ ቃሉ ከግማሽ በላይ ይጎድለዋል። ስለዚህ ያለ ቃል ማድመጥን እንደ መጨረሻ አላቀርበውም፤ እንደ መጀመሪያ ነው የማቀርበው። ላዩን ከሚሰማው ሰው የምንለየው ከመጀመሪያው አልፈን ስንሄድ ነው፤ ድምፁ ወደ ቋንቋው፣ ቋንቋው ወደ ሰዎቹ ሲወስደን ነው። የዓሊ ቢራን ድምፅ የወደደ ሰው አንድ ቀን ቃሉ ምን እንደሚል መጠየቁ አይቀርም። ቃሉን ቅድመ ሁኔታ ያደረገ ግን ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። ዛሬ ሙዚቃ የሚደርሳችሁ በስልክ ነው፤ ቀጣዩን ዘፈን የሚመርጥላችሁም ብዙ ጊዜ ማሽን ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ስም ነው። እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ አቀናባሪዎች፣ እንደ ይልማ ገብረአብ ያሉ የግጥም ደራሲዎች፣ እንደ አበበ መለሰ ያሉ የዜማ ደራሲዎች ስማቸው ካልተጠራ ከሥራቸው ጋር የሚያያይዛቸው ክር ይበጠሳል። ማሽኑ ይህን ክር አይቀጥልም፤ የሚቀጥለው የሚጠቁም ሰው ነው። በቂ መዝገብ ባልተደራጀበት አገር ጥቆማ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ውርስ የሚተላለፍበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ትቼ እሄዳለሁ። አንድ ሥራ መርጣችሁ ሦስት ጊዜ አድምጡት። በመጀመሪያው ከታች ያለውን፣ ማለትም ቤዙን፣ ከበሮውን ወይም የክራሩን ድግግሞሽ ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ድምፁ ከዚያ መሠረት ጋር የሚገጥምበትንና የሚለያይበትን ቦታ ለዩ። በሦስተኛው ግጥሙን ስሙ። ከዚያም ዜማውን ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማን ምን እንደ ተጫወተ ፈልጋችሁ ጻፉ። የምትመርጡት ሥራ ግን በማታውቁት የአገራችን ቋንቋ የተዘፈነ ይሁን፤ ቃሉን ለመረዳትም ቋንቋውን የሚናገር የክፍል ጓደኛችሁን ጠይቁ። እሱም የእናንተን ቋንቋ ዘፈን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ «ወደድኩት» ሳይሆን «እዚህ ቦታ ላይ ስሙ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ።